ፍሬን ያለው ይቁም

መርካቶ ተወልዶ ያደገ ሰው አንድ የማይድን በሽታ አለበት፤ ዋጋ ካስቀነሰ ዕቃውን ያወቀው ይመስለዋል። እኔም ብስክሌቴን የገዛሁት በዚሁ በሽታ ነው። ሻጩ የሰፈሬ ልጅ ነው፤ ሁለታችንም ያደግነው ሰባተኛ በሚባለው የመርካቶ ሰፈር ነው። ስለዚህ ክርክሩ ሻይ ተጠጥቶበት፣ ተኮራርፈንበት፣ «በእናትህ፣ በሞቴ» ተባብለንበት ነው ያለቀው። ስንጨርስ ከጠራው ዋጋ ሲሶውን አስጥዬዋለሁ። ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ስለ ጎማው ስፋት አልጠየቅሁም። ማርሹ ለዳገት ይሁን ለሜዳ አልጠየቅሁም። ፍሬኑን እንኳ ጨበጥ አድርጌ አልሞከርኩትም። ቀላል መሆኑን ግን በአንድ እጄ ወደ ላይ አንሥቼ፣ ሱቁ በር ላይ ለቆመው ሰው ሁሉ አሳይቻለሁ።

ብስክሌት ከየት አማረህ ካላችሁኝ፣ ጥፋቱ የ2011 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት «መንገድ ለሰው» ተብሎ አንዳንድ እሑድ ዋና ዋና ጎዳናዎች ለመኪና ይዘጉ ጀመር። ልጆች አስፋልት ላይ ኳስ ሲያንከባልሉ፣ ሽማግሌዎች መሐል መንገድ ቆመው ወግ ሲጠርቁ አየሁ። እኔ የጣቃ ነጋዴ ነኝ፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የምውለው ክላክስ ውስጥ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ አንሥቶ ወደዚህ ሲያመጣው ስንት መኪና ይገባበታል ብሎ እንደገመተ እንጃ፤ ዛሬ አይሱዙው፣ ጋሪው፣ ሚኒባሱ፣ ተሸካሚውና ገበያተኛው አንዲት መንገድ ተካፍለው ነው የሚኖሩት። ያን እሑድ ግን የራሴን እርምጃ ሰማሁ። ወዲያው ብስክሌት አማረኝ። መራመዱ ለምን እንዳልበቃኝ አትጠይቁኝ፤ ነጋዴ ነኝ፣ ዕቃ ካልገዛሁ ነገር የጀመርኩ አይመስለኝም።

በገዛሁ ማግስት ከምዕራብ ሆቴል እስከ አንዋር መስጊድ ልነዳው ሞከርኩ። ነዳሁት ማለት ይከብዳል፤ ገፋሁት። በዚያች አጭር መንገድ ላይ «ስንት ነው?» ብለው የጠየቁኝ ሰዎች ነበሩ፤ መርካቶ ውስጥ ዕቃ እየገፋ የሚሄድ ሰው ሻጭ እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? አንዱማ ዋጋ ሰጠኝ፤ ከገዛሁበት ስለሚበልጥ ትንሽ አመነታሁ። አንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው ከት ብሎ ሳቀና፣ «እንጦጦ ውጣ እንጂ! ጫካው ውስጥ ፒስታ አለልህ። መኪና የለ፣ ክላክስ የለ፣ ማንም የለ» አለኝ።

«ማንም የለ» የምትለዋ ጣፈጠችኝ። ጣጣው የመጣው ከእሷ ነው።

ክረምቱ ወጣ እንዳለ በአንድ እሑድ ማለዳ ተነሣሁ። ቀለል ብሎኝ ልንዳ ብዬ ቁርስ አልበላሁም። ጎሚስታ ጋ ቆሜ ጎማውን አስነፋሁ። ልጁ «ይበቃዋል፣ ለኮረኮንች ከሆነ እንዲያውም ቀነስ ማለት አለበት» ሲለኝ «ጨምር» ያልኩት እኔ ነኝ። የከፈልኩበት ነፋስ ለምን ይቀንሳል? ፒያሳን፣ ራስ መኮንን ድልድይን፣ አፍንጮ በርን አልፌ 6 ኪሎ ስደርስ ገና ጀግና ነበርኩ። ሽሮ ሜዳ ላይ የሀበሻ ልብስ ሱቆቹ አልተከፈቱም፤ የሚያየኝ ባለመኖሩ እንዲያውም ቅር አለኝ።

ከዚያ ዳገቱ መጣ። መርካቶ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ይህን በቁጥር ማወቅና በሳንባ ማወቅ ለየቅል ናቸው። ማርሹን እያቀለልኩ፣ እያቀለልኩ ሄጄ ማርሹ አለቀ፤ ዳገቱ ግን አላለቀም። ነጠላቸውን ያጣፉ እናቶች ወደ ማርያም ሲሄዱ በእግራቸው አለፉኝ። ሯጮች እያወሩ አለፉኝ። እያወሩ! እኔ አፌን ከፍቼ አየር እለምናለሁ። በመጨረሻ ወርጄ መግፋት ጀመርኩ። ሰው ብቅ ሲል ጎንበስ ብዬ ካቴናውን እነካካለሁ፤ የተበላሸ ነገር የማስተካክል እንዲመስል። ካቴናው ምንም አልሆነም ነበር።

እንጦጦ ማርያም ደጅ ተሳልሜ ተቀመጥኩ። ምኒልክ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት እዚህች ቤተ ክርስቲያን ነው። እቴጌ ጣይቱ ከዚህ ብርድ ሸሽተው ወደ ፍልውኃ ባይወርዱና አዲስ አበባን ባይቆረቁሩ ኖሮ ከተማው እዚሁ በቀረ፣ ገበያውም እዚሁ አጠገብ በሆነ፣ እኔም ይህን ሁሉ ዳገት ባልገፋሁ። እቴጌይቱን በልቤ አማሁ። ሲያልበኝ ታሪክ እንዲህ ነው የሚገባኝ።

ከማርያም ወደ ራጉኤል አቅጣጫ (ስሙ ከመርካቶው ራጉኤላችን ጋር አንድ ነው) ጫካው ውስጥ ስገባ ግን ድካሜ ሁሉ ጠፋ። አስፋልቱ ቀረ። ቀይ አፈር፣ ላዩ ላይ ጠጠር፣ ጠጠሩ ላይ የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል። ጎማው ቅጠሉን ሲሰብረው ይሰማል፤ ሽታው አፍንጫ ይከፍታል። መንገዱ ትንሽ ይወጣል፣ ትንሽ ይወርዳል፣ ይጠመዘዝና ዛፉ ሳሳ ሲል በአንድ በኩል ከተማው፣ በሌላ በኩል የሱሉልታ ሜዳ ይታያል። እዚያ ሸንተረር ላይ ከቆሙ ዘንዳ አንድ ነገር ማወቅ ደስ ይላል፦ በስተደቡብ የሚወርደው ዝናብ በአዲስ አበባ ወንዞች አድርጎ አዋሽ ይገባና አፋር በረሃ ውስጥ ይቀራል፤ በስተሰሜን የሚወርደው በሙገር አድርጎ ዓባይ ይገባል፣ ከዚያም ግብፅ ድረስ ይሄዳል። አንዲት ደመና ሁለት አገር ታጠጣለች። ባሕር ዛፉ ራሱ መጤ ነው፤ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ። የአካባቢው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ ተጨፍጭፎ ሲያልቅ ንጉሡ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ባሕር ዛፍ ቶሎ እየበቀለ የማገዶውን ችግር ባያቃልል ኖሮ አዲስ አበባ የተተወች ከተማ በሆነች ነበር።

ይህን ሁሉ የማወራው በዚያች ሰዓት ሳስብ የነበረው ይህን ስለሆነ አይደለም። በዚያች ሰዓት ያሰብኩት ስለ ራሴ ነው። ፈረንጆቹ እንዲህ ያለውን የጠጠር መንገድ አነዳድ ራሱን የቻለ ስፖርት አድርገውታል፤ በ2022 እ.ኤ.አ. የዓለም ሻምፒዮናውን ጣሊያን ውስጥ ጀምረውለታል፤ ጎረቤታችን ኬንያም ከ2021 ወዲህ ማሳይ ማራ ላይ ታወዳድርበታለች። እኛም ለብስክሌት እንግዶች አይደለንም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ እነ ገረመው ደምቦባ በብስክሌት ተወዳድረዋል። ከመቀሌ የተነሣው ጽጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። እኔም እዚያ ሸንተረር ላይ ቁልቁለቱ ሲጀምር፣ ቁርስ ያልበላ የጣቃ ነጋዴ መሆኔን ረስቼ ጽጋቡን ሆንኩ። ፔዳሉን ረገጥኩ። ማንም የለማ!

ኩርባውን እንደዞርኩ ከፊቴ ሦስት የቅጠል ክምሮች እየተወዛወዙ ሲሄዱ አየሁ። ክምሮቹ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ይዘውታል፤ ከሥራቸው እግር ይታያል። ቅጠል ተሸካሚ እናቶች ናቸው። ከአፌ ያለምንም ሐሳብ የወጣው የመርካቶ ቋንቋ ነበር፤ «መንገድ! መንገድ!» ብዬ ጮኽኩ።

ሁለቱ ወደ ዳር ሸሹ። ከፊት የነበሩት ግን ዞረው ማየት አይችሉም፤ ሸክሙ አንገታቸውን ይዞታል። ወደ ግራ ሊሉ አሰቡ፣ ወደ ቀኝ አሉ። እኔ የፊቱን ፍሬን ጨምድጄ ያዝኩ። ቀጭንና ጠጥሮ የተነፋ ጎማ ጠጠር ላይ ምን እንደሚሠራ ያኔ ገባኝ፤ መሬቱን አይነክስም፣ ይነጥራል። ብስክሌቱ ከሥሬ ወጥቶ ሄደ፤ እኔ በክርኔና በጉልበቴ ተንሸራትቼ ጠርዙ ላይ ቀረሁ። ሴትዮዋን አልነካኋቸውም። እሳቸው ግን ከድንጋጤው የተነሣ ቦይ ውስጥ ከነሸክማቸው ቁጭ ብለዋል።

ሮጬ ሄድኩ። «እማማ ይቅርታ! ተጎዱ?» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። ገመዱ ደረታቸው ላይ ተጠላልፎ ልብሳቸውን ወደ ውስጥ ሰርጉዶታል። እግራቸው ላይ ያለው በርካሽ የሚሸጠው የመርካቶ ፕላስቲክ ጫማ ነው፤ አንዱ ተረከዙ ላይ ተቀዶ በሽቦ ተሰፍቷል። ስድብ ጠብቄ ነበር፤ ስድብ በመጣልኝ እንዴት በቀለለኝ።

«እኔስ ደኅና ነኝ ልጄ፤ አንተ ነህ የደማኸው» አሉኝ። ቀጥለውም፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ በእርግጥም ማወቅ የፈለጉ ይመስል፣ «እኔ እንኳ ሸክም ይዞኝ ቁልቁለት ከጀመርኩ መቆም አልችልም። አንተ ፍሬን የለህም እንዴ?» አሉኝ።

አለኝ። ሁለት አለኝ። ምን ልበል?

ላነሣቸው ሞከርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ጣቃ ስጎትት የኖርኩ ሰው ነኝ ብዬ ክምሩን ከታች ይዤ ቀና ላደርገው ታገልኩ፤ ንቅንቅ አላለም። እንደገና ሞከርኩ። ከጓደኞቻቸው አንዷ «ተወው፣ እንደዚያ አይነሣም» አለችኝ። ይህ ሸክም ከሜዳ ላይ አይነሣም ለካ። ከፍ ያለ ጠርዝ ፈልገው ነው ተደግፈው የሚያርፉት፤ እንደገና ለመነሣት ሸክሙን ከፍ አድርጎ የሚይዝ የአፈር ጠርዝ ያስፈልጋቸዋል። መንገዱ ላይ የትኛው ጠርዝ ለማረፊያ እንደሚሆን ሁሉንም ያውቁታል። እኔ ያስቀመጥኳቸው ቦይ ከእነዚያ ውስጥ አልነበረም። በመጨረሻ ያቺው ጓደኛቸው ከፊት በሁለት እጃቸው ስባ፣ እኔ ከኋላ ገፍቼ፣ እሳቸው «በሥላሴ ስም» ብለው ተነሡ። ትንሽ ተወላገዱ፤ ከዚያ እግራቸው ሚዛኑን አገኘ፣ ሄዱ።

እኔም ብስክሌቴን እየገፋሁ ከኋላቸው ወረድኩ። ተጠምዝዞ የነበረውን መሪ ማቃናት እችል ነበር፤ ደፍሬ መንዳት ግን አልቻልኩም። መንገድ ላይ ቅጠሉ ለማን እንደሚሸጥ ጠየቅሁ። «ለእንጀራ ጋጋሪ ነዋ» አሉኝ፤ የቂል ጥያቄ የጠየቅሁ ያህል። ደግሞም የቂል ጥያቄ ነበር። ሰባተኛ ቤታችን ጓሮ እናቴ ምጣዷን የምታሰማው በዚሁ ቅጠል ነበር። ተሸካሚዎቹ በራችን ድረስ ይመጡ ነበር፤ እናቴም ከነሸክማቸው አቁማ ዋጋ ታስቀንስ ነበር። ያ በሽታ የዘር ነው ማለት ነው። ያን ሁሉ ዓመት ያን እንጀራ በልቼ ሳድግ ቅጠሉ በየትኛው መንገድ እንደመጣ፣ በየትኛው ጠርዝ ላይ እንዳረፈ አስቤው አላውቅም። መንገዱን ያገኘሁት ማንም እንደሌለበት ተነግሮኝ ነው።

ሰኞ ክርኔን በፋሻ ጠቅልዬ ሱቅ በር ላይ ተቀመጥኩ። ለጠየቀኝ ሁሉ ብስክሌቱ እንደጣለኝ ተናገርኩ፤ ስለ ሴትዮዋ ትንፍሽ አላልኩም። በፊቴ ተሸካሚው አራት ጣቃ ትከሻው ላይ ጭኖ «መንገድ! መንገድ!» እያለ አለፈ። ሁልጊዜ ያልፋል። ሚሊየነሩ ነጋዴ ዞር አለለት፤ የሞባይል ሻጩ ዞር አለ፤ ቪ ኤይቱ እንኳ ቆመ። እኔም እግሬን ሰበሰብኩ። በዚህ ሁሉ ግርግር ውስጥ ማንም ያልጻፈው፣ ግን ሁሉም የሚያከብረው አንድ ሕግ አለን፤ የተሸከመ ይለፍ፣ ባዶ እጁን ያለ ይቁም። መርካቶ እርስ በርስ ተረጋግጦ ያላለቀው በዚህ ሕግ ነው። «መንገድ» ማለት የሚችለው ባለ ሸክሙ ነው። እኔ ይህን ሕግ ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ሰው፣ ዳገቱን ወጥቼ ዛፍ ሳይ ረሳሁትና ባዶ እጄን ሸክም በያዙ እናቶች ላይ ጮኽኩ። መኪና ከሌለ መንገዱ የእኔ ነው ብዬ ነበር። ከመኪና በፊት የነበሩት ባለመንገዶች ግን የትም አልሄዱም።

ከዚያ ወዲህ ያስተካከልኳቸው ነገሮች አሉ። ሰፊ ባለጥርስ ጎማ አስገባሁ፤ ያስጣልኩትን ሲሶ መልሶ በላው፣ ከነወለዱ። ነፋሱን ጎሚስታው ባለኝ ልክ አደርጋለሁ። ቆሎ ሳልይዝ አልወጣም። ቁልቁለት ላይ የኋላውን ፍሬን ቀደም አድርጌ በቀስታ እይዛለሁ፣ ወገቤንም ወደ ኋላ እለቃለሁ። ደወልም ገጥሜ ነበር፤ አንዲት ጭድ የጫነች አህያ በድምፁ በርግጋ ገደል ልትገባ ስትል ፈትቼ ጣልኩት። አሁን ከሩቅ «እንደምን አደራችሁ!» እላለሁ። ይህ ከደወል የተሻለ ነው፤ ችግሩ ሰላምታችን ራሱ ጉዞ መሆኑ ነው። ከብቱ እንዴት ነው፣ ልጆቹስ፣ ዝናቡስ ሲባል ፍጥነቴ ከእግረኛ በታች ይወርዳል። በሱሉልታ በኩል ያሉ ሕፃናት ሄልሜቴን አይተው «ቻይና! ቻይና!» ይሉኛል፤ «የመርካቶ ልጅ ነኝ» ብላቸውም የሚሰማኝ የለም። ውሻ ሲመጣ እወርድና ብስክሌቱን በመሐላችን አደርጋለሁ። በክረምት የሱሉልታን ጥቁር ጭቃ ደፍሬ ጎማውና ሹካው ተጣብቀው ብስክሌቱን ትከሻዬ ላይ አድርጌ የተመለስኩበትም ጊዜ አለ፤ ያን ዕለት መንገድ ለቀውልኛል።

እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተከፍቶ በውስጡ የብስክሌት መንገድ ተሠራ። ጥሩ ነው፤ ከልጆቼ ጋር ስሆን እዚያ ነው የምሄደው። ለብቻዬ ስሆን ግን አሁን አሁን ልቤ የሸፈተው ወደ መናገሻ ሱባ ነው። ብስክሌቱን ሚኒባሱ ፖርቶመጋላ ላይ አስጭኜ በሰበታ በኩል እሄዳለሁ። ወጨጫ ተራራ ላይ ያለው ይህ ደን የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሥራ ነው ይባላል፤ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ባሕር ዛፍ ቀጥ ብሎ ይሮጣል እንጂ ጥላ የለውም፤ የሱባ ጽድ ግን ግንዱ ሁለት ሰው ተቃቅፎ የማይዞረው፣ ከሥሩ ቀትር የሚጨልም ነው። ጉሬዛ ከላይ ሲዘል ቅርንጫፉ ከወዲያ ወዲህ ይላል፤ ለማየት ስል ካልቆምኩ ዛፍ ውስጥ እገባለሁ። ስለዚህ እቆማለሁ። ፍሬን ከተማርኩ ወዲህ ብዙ እቆማለሁ።

ድኛለሁ ብዬ ግን አልዋሽም። ኮሪደር ልማቱ ከተማው ውስጥ የብስክሌት መንገድ ሲያወጣ ቀድሜ የተፈነደቅኩት እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሰው መሐሉ ላይ ቆሞ ስልክ ሲያወራ አገኘሁና «ወንድሜ፣ ይህ እኮ የብስክሌት ነው!» ብዬ ጮኽኩበት። በብብቱ ክራንች ይዞ እንደነበር ያየሁት ካለፍኩት በኋላ ነው። ተመልሼ ይቅርታ ልለው አስቤ ነበር፤ አልተመለስኩም። ቁልቁለት ነበር።

ባለፈው ብስክሌቱን ሱቅ በር ላይ አቁሜ ሳጸዳ ጣቃ የሚያወርድልን ልጅ መጣ። ጎንበስ ብሎ በሁለት ጣቱ አነሣው።

«ጋሼ፣ ይሄማ ምንም አይመዝንም። ታዲያ ዳገት ላይ ወርደህ ትገፋዋለህ የሚሉት እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ለምን?»

«ይደክመኛል።»

ትንሽ አሰበ። «ከዚያ ደግሞ ለሚቀጥለው እሑድ ትሄዳለህ?»

«እሄዳለሁ።»

«በገንዘብህ ገዝተህ?»

«አዎ።»

«እኔን ይኼውልህ ለመድከም ይከፍሉኛል፣ አንተ ለመድከም ትከፍላለህ» አለና ጎረቤት ሱቅ ያሉትን ሁሉ ጠርቶ አሳቀብኝ። ከዚያ በስንት ብር እንደገዛሁት ጠየቀኝ፤ ነገርኩት፤ «ተሸውደሃል» አለኝ።